ጠባብ መስመር፣ ብዙ እጅ

በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ በሰዓት የሚሸጥ ዋይፋይና በሩቅ አገር ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ድረ ገጽ አንድ ችግር ይጋራሉ፤ መስመሩ አንድ ነው፣ ፈላጊው ብዙ። መገደብ የግድ ሲሆን ክርክሩ ማን ይገድብ፣ በምን ልክ፣ በማን ፊት ወደሚለው ይዞራል።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ገዳሪፍ እንቅልፍ የላትም። ጆንያ የጫነው ሎሪ ወደ ጨረታው ግቢ ይገባል፣ ባዶው ይወጣል፤ ደላላው በአንድ ጆሮው ስልክ፣ በሌላው የሻጩን ጩኸት ያዳምጣል። ከገበያው ጠርዝ ስልክ የሚጠገንበት፣ ካርድ የሚሸጥበት፣ ሽፋን የሚቀየርበት ጠባብ ሱቅ አለ። በሩ ላይ የቆርቆሮ ጥላ፣ ከጥላው ሥር የፕላስቲክ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ አንገቱን ስልኩ ላይ የደፋ ሰው። ጥገና ጠባቂ አይደለም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው ትንሽ ራውተር የሚወጣውን ዋይፋይ ገዝቶ ነው የተቀመጠው። ሒሳቡ በሰዓት ነው፤ የከፈለ ሰው ቁጥር የታተመበት ቁራጭ ወረቀት ይቀበላል።

ከተቀመጡት አንዱ ከካርቱም የተፈናቀለ አባወራ ነው፤ ባንካክ የተባለውን የስልክ ባንክ ከፍቶ ወንድሙ የላከለት ገንዘብ መግባቱን ያያል። አጠገቡ ከበለሳ ለአረማ መጥቶ እስከ አጨዳ የቆየ ወጣት ለእናቱ ቮይስ ይልካል። ጀበናዋን ለልጇ አደራ ብላ የመጣች ሐበሻ ቡና ሻጭ፣ ጅዳ ካለችው እህቷ ጋር በኢሞ ታወራለች። ጥጉ ላይ አንድ ጎረምሳ ቲክቶክ ያገላብጣል። ድንገት ቡና ሻጯ «አሎ… አሎ… ተቆረጥሽብኝ!» ትላለች። ባንካኩም መዞር ይጀምራል። ባለ ሱቁ ማንንም አይቆጣም። የራሱን ስልክ ያወጣል፣ የደንበኞቹን ዝርዝር ያያል፣ ከአንዱ ቁጥር አጠገብ ያለውን ልክ ዝቅ ያደርጋል። ወዲያው የእህትየዋ ድምፅ ይመለሳል፤ የጎረምሳው ቪዲዮ ግን መንተባተብ ይጀምራል።

ባለ ሱቁ ያደረገው ነገር ባንድዊድዝ መገደብ ይባላል። ባንድዊድዝ ማለት አንድ መስመር በሰከንድ ሊያሳልፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ የብዙ ደንበኞችን ድረ ገጽ የሚያስተናግዱ ድርጅቶችም ቀን ከሌት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሥራው ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚያውቀው ውጤቱን ብቻ ነው፤ «ኔትወርክ የለም» ይላል፣ ያልፋል።

ሰው ሲፈናቀል አንቴናው አይከተልም

የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ የስልክና የኢንተርኔት ዋና ማዕከሎች ካርቱም ነበሩ። ውጊያው ደግሞ የተነሣው እዚያው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኤምቲኤን፣ ሱዳኒና ዜይን የተባሉት የስልክ ኩባንያዎች ተራ በተራ ጠፉ፤ ከሠራዊቱ ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል የኩባንያዎቹን የመረጃ ማዕከሎች መቆጣጠሩ ተዘገበ። አገር ሙሉ ጨለመ ማለት ይቻላል። ከቀናት በኋላ መመለስ የጀመረው በሠራዊቱ እጅ በቆየው በምሥራቁ በኩል ነበር፤ የባሕር ሥር ገመዶቹ የሚወጡባት ፖርት ሱዳን እዚያ ናትና።

ገዳሪፍ መስመሩ ከተመለሰላቸው ዕድለኛ ከተሞች አንዷ ብትሆንም ዕድሏ ሸክም ይዞባት መጣ። ታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ ስትያዝ ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ ፈለሰ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲንጃ ስትያዝ ሌላ ማዕበል ተከተለ። ትምህርት ቤቶችና አደባባዮች ተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ። ያ ሁሉ ሰው በኪሱ ስልክ ነበረው፤ ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት አገር ደግሞ ስልኩ ቦርሳውም ነው። ባንካክ የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ሲሆን፣ በጦርነቱ ዘመን ዳቦ የሚገዛውም፣ ኪራይ የሚከፈለውም፣ የበጎ ፈቃደኞች የጋራ ወጥ ቤት መዋጮ የሚደርሰውም በእርሱ ነው። ለቀድሞው ነዋሪ ልክ የተተከለ የስልክ ማማ የመጣውን ሁሉ እኩል ማስተናገድ አይችልም።

> ሰው ሲፈናቀል አንቴናው አይከተለውም፤ ያው መስመር ለብዙ እጅ ይሸነሸናል።

ክፍተቱን የሞላው አንዱ ነገር ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ነበር። ሳተላይቶቹ ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ ድምፅ ሳይዘገይ ይደርሳል፤ የቀድሞዎቹ የሳተላይት መስመሮች ግን ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ስለሚቀመጡ አንድ «አሎ» ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። በሱዳን መሣሪያው ፈቃድ አልነበረውም። በሌላ አገር ስም ተመዝግቦ በድንበር እየገባ፣ አንዱ ዲሽ መንደሩን ሁሉ እንዲያገለግል ሆነ። በሚያዝያ 2016 ኩባንያው ፈቃድ በሌለባቸው አገሮች አገልግሎቱን እንደሚያቋርጥ ሲያስታውቅ፣ ወደ መቶ የሚጠጉ የርዳታ ድርጅቶች «እባካችሁ ተዉት» ብለው በጋራ ጠይቀዋል። የጥያቄው ፍሬ ነገር ግልጽ ነበር፤ የሚጠፋው አንድ ዲሽ ቢሆንም የሚቆረጠው ሰው በመቶ ይቆጠራል።

ራውተሯ ምን እያሰበች ነው?

ለምሳሌ ያህል የሱቁ መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ነው እንበል። 40 ስልክ ቢታሰርበት ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜጋቢት ይደርሰዋል። ለድምፅ ጥሪ ከዚህ ሩቡ እንኳ ይበቃል፤ ለባንካክ ደግሞ ኢምንት ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን ብቻውን ብዙ ሜጋቢት ይውጣል። ገደብ ከሌለ መስመሩ ማን ምን እንደሚፈልግ አይጠይቅም፤ ብዙ ግንኙነት የከፈተ ብዙ ይወስዳል። አንዳንድ የማውረጃ መተግበሪያ አንዱን ፋይል በስምንት ክር ከፋፍሎ ይጎትታል፤ በአንድ ክር ከሚናገረው ሰው ጋር ሲወዳደር ስምንት ሰው ሆኖ ይሰለፋል ማለት ነው። የካምፕ ቦኖ ላይ አንዱ ስምንት ጀሪካን ደርድሮ ሲቀዳ፣ አንዲት ጆግ ብቻ የያዘችው እናት ከኋላው እንደምትቀረው ነው።

መፍትሔው በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ራውተሯ ለእያንዳንዱ ስልክ በየቅጽበቱ የማሳለፊያ ፈቃድ ትቆጥርለታለች። ያልተጠቀመበት ፈቃድ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ይጠራቀምለታል። ስለዚህ ጽሑፍ የሚልክ፣ ሒሳብ የሚያይ ሰው የተጠራቀመለትን በአንዴ አውጥቶ ወዲያው ይጨርሳል፤ ገደብ እንዳለበትም አያውቅ። ረጅም ቪዲዮ የሚጎትተው ግን ጥርቅሙን በቶሎ ጨርሶ በየሰከንዱ በሚሰጠው ልክ መሄድ ይጀምራል። ማንም አልተከለከለም፤ ችኩሉ ብቻ ዝግ አለ። ይህ ብልሃት በሊኑክስ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። በ1996 እ.ኤ.አ. በላትቪያ የተቋቋመው ማይክሮቲክ በሚሸጣቸው ርካሽ ራውተሮች በኩል ደግሞ በየአገሩ ትንንሽ ሱቆች ገብቷል። በቁራጭ ወረቀት የሚታተመው የሰዓት ቁጥርም የዚሁ ዕቃ አንዱ ባሕርይ ነው።

ከዚህ ውስጥ ለብዙዎች የማይዋጥ አንድ ነገር አለ። ልምድ ያላቸው ቴክኒሻኖች መስመሩ 20 ሜጋቢት ከሆነ ራውተሯን 18 ላይ ያስሯታል። ሁለቱን ሜጋቢት ለምን ይጥላሉ? ምክንያቱም መስመሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ትርፉ መረጃ ማንም በማያዘው የሩቅ መሣሪያ ውስጥ ተከማችቶ ይቆማል፤ ከአንድ ከባድ ቪዲዮ ኋላ የተሰለፈ አጭር ድምፅም አብሮ ይጠብቃል። ጥቂት ዝቅ አድርጎ ማሰር ሰልፉን ወደራስ ራውተር ያመጣዋል፤ እዚያ ደግሞ ማን እንደሚቀድም መወሰን ይቻላል። ከላይ ጥቂት የተቀነሰበት መስመር ለተጠቃሚው የፈጠነ ሆኖ ይሰማዋል።

ያለ ገደብ ምን እንደሚደርስ ኢንተርኔት ገና በልጅነቱ አይቶታል። በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በጥቂት መቶ ሜትር የሚራራቁ ሁለት የምርምር ተቋማትን የሚያገናኝ መስመር፣ በሰከንድ 32 ሺህ ቢት ማሳለፉ ቀርቶ ወደ 40 ቢት ወረደ። መስመሩ አልተበጠሰም። ሁሉም ኮምፒውተር የላከው ያልደረሰ ሲመስለው ደግሞ ደጋግሞ ስለላከ፣ የድጋሚው ጎርፍ መስመሩን አነቀው። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተመው መፍትሔ ኮምፒውተሮች መጨናነቅ ሲሰማቸው ራሳቸው ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ያስተማረ ነው። ዛሬ ስልካችን የሚሠራው በዚያ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ግን ሁሉም ዘንድ እኩል አይገኝም፤ ስለዚህ በየሱቁና በየሰርቨሩ ዳኛ ያስፈልጋል።

የጋራ ቤት፣ የጋራ ሰርቨር

አሁን ደግሞ ከሱቁ ወደ መስመሩ ሌላ ጫፍ እንሻገር። ከስደተኞች መካከል ወይም ከውጭ ካሉ ዘመዶቻቸው አንዱ፣ የጠፉ ሰዎች ስምና ፎቶ የሚለጠፍበት ትንሽ ድረ ገጽ ሠራ እንበል። የራሱ ሰርቨር መግዣ የለውም። የሚከራየው የጋራ ሆስቲንግ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ የብዙ መቶ ባለቤቶች ገጾች አብረው ያድራሉ፣ ኪራዩም በዚያው ልክ ይረክሳል። የሰርጎች ፎቶ፣ የመለዋወጫ ሱቅ ዝርዝር፣ የደብር ማኅበር ገጽና የጠፉ ሰዎች መዝገብ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

እዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ገደብ አለ። አንደኛው የወር ጠቅላላ መጠን ነው። ፎቶ የበዛበት ገጽ 3 ሜጋባይት ቢሆንና የወሩ ፈቃድ 10 ጊጋባይት ቢሆን፣ ከሦስት ሺህ ጥቂት መቶ ጉብኝት በኋላ ያልቃል። ሲያልቅ አንዳንዱ አስተናጋጅ ገጹን ዘግቶ 509 የሚል ቁጥር ያሳያል፤ ትርጉሙ «ልክህን ጨርሰሃል» ነው። ከተማ በተያዘችበት ሳምንት ሁሉም ዘመዱን ፍለጋ ሲጎርፍ የሚዘጋው እንግዲህ ያ መዝገብ ነው። በጣም በሚፈለግበት ቀን የሚጠፋ አገልግሎት፣ ጥፋቱ መፈለጉ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

> በወር የተቆረጠ ልክ የሚቀጣው በክፉ ቀን የተፈለገውን ገጽ ነው።

ሁለተኛው ገደብ የፍጥነት ነው። ገጹ አይዘጋም፤ የሚወጣበት ፍጥነት ላይ ጣሪያ ይደረግለታል። አፓቺም ሆነ ኤንጂንኤክስ የተባሉት የታወቁ የሰርቨር ፕሮግራሞች ይህን ይችላሉ። በኤንጂንኤክስ የመጀመሪያውን ግማሽ ሜጋባይት በሙሉ ፍጥነት አሳልፎ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲያዘገይ ማዘዝ ይቻላል፤ ጽሑፉና ትንንሹ ፎቶ ወዲያው ይደርሳል፣ ትልቁ ፋይል ይንቀራፈፋል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ይህ ልክ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በግንኙነት ነው። አሥር ግንኙነት የከፈተ ጎብኚ ልኩን አሥር ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ የፍጥነት ጣሪያ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከአንድ አድራሻ ስንት ግንኙነት እንደሚከፈትም አብሮ መወሰን አለበት። ሁለት ስልክ ይዞ ሁለት ቁራጭ ወረቀት የሚገዛን ደንበኛ የገዳሪፉ ባለ ሱቅ በዓይኑ ያየዋል፤ ሰርቨሩ ግን ዓይን የለውም።

የአዲስ አበባ ሆስቲንግ ሻጮች ክርክሩን ከሌላ ወገን ያዩታል። አንድ ደንበኛ ፊልም ጭኖ ሲያሠራጭ መቶ ደንበኞች ስልክ ይደውላሉ፤ ያ ደንበኛ የከፈለው ግን እንደማንኛውም ነው ይላሉ። ያልተገደበ ብለው የሚያስተዋውቁትም በውሉ ደቂቅ ጽሑፍ ውስጥ «አግባብ ያለው አጠቃቀም» የሚል መውጫ አስቀምጠው ነው። የገጽ ባለቤቶች ምሬት እዚህ ላይ ነው። አንገደብም አይሉም፤ ልኩ ስንት እንደሆነ ሳይነገራቸው መገደባቸውን ነው የሚጠሉት።

መገደብና መዝጋት ለየቅል ናቸው

ገዳሪፍን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መምህር የሚያደርጋት በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ሁለቱንም መቅመሱ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ስልክና ኢንተርኔት አብሮ ተቋረጠ። ወደ ሱዳን የሸሸው ሕዝብ ከ60 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በሐምዳይት በኩል ተከዜን ከተሻገረው ብዙው በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈረ። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመንም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለች ሥፍራ ናት። በዚያ ዘመን ወሬ የሚመጣው ከአፍ ወደ አፍ ነበር፤ አዲስ የመጣው ስደተኛ እየተከበበ «የእገሌን ልጅ አየህ?» ይባላል። በ2013 ሁሉም ኪስ ውስጥ ስልክ ኖሮም መጠየቂያው ያው ሆነ፤ የሱዳን ሲም አውጥቶ ቢደወል ወዲያ ማዶ የሚያነሣ አልነበረም።

ከመተማ ወዲህም ነገሩ እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በጋላባት ድልድይ የተሻገረው ስደተኛ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሲያርፍ ከአንዱ የጠፋ ኔትወርክ ወደ ሌላው መጣ። ገዳሪፍ ያለው የጎንደር ልጅ ዳታ ነበረው፣ ቤተሰቡ ግን አልነበራቸውም፤ መተማ ያለው ሱዳናዊ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመው። ሱዳንም ቢሆን ከጦርነቱ በፊት ልምዱ አላት። በግንቦት 2011 የካርቱም ተቃዋሚዎች የመቀመጥ አድማ በኃይል ሲበተን ኢንተርኔቱ ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ፤ በጥቅምት 2014 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግም ሳምንታት ጠፋ። በፈተና ሰሞን ደግሞ ተማሪ እንዳይኮርጅ ተብሎ አገር ሙሉ በየማለዳው ለሰዓታት ከመስመር ወጥቷል።

ባለሥልጣናት እንዲህ ያለውን ነገር አንዳንዴ «ገደብ» ብለው ይጠሩታል፤ ሥራው ግን የባለ ሱቁን ሥራ አይመስልም። ባለ ሱቁ አንዱን የሚቀንሰው ሌላው እንዲያገኝ ነው። የተዘጋ መስመር ላይ የተቀነሰው ድርሻ ለማንም አልተሰጠም። ፈተናውን ለመጠበቅ የባንካክ ተጠቃሚው፣ ሐኪሙ፣ ሎሪ ጫኙ ደላላ ሁሉ አብረው ይቀጣሉ። የመጀመሪያው የማከፋፈል ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የመንጠቅ።

> ባለ ሱቁ አንዱን የሚቀንሰው ሌላው እንዲያገኝ ነው፤ የተዘጋ መስመር ድርሻ ግን ለማንም አይደርስም።

ማን ይቅደም?

ማከፋፈል ራሱ ጥያቄ አያጣም። የርዳታ ድርጅቶች በአንድ ላይ የሚጠቀሙበትን መስመር የሚዘረጋው በዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚመራው የአደጋ ጊዜ ቴሌኮም ጥምረት ነው፤ ከሚያገለግላቸው የምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ፖርት ሱዳንና ከሰላ ይገኙበታል። እንዲህ ባለው መስመር ላይ የምግብ ማከፋፈያ መዝገብ ከመዝናኛ ቪዲዮ ይቀድማል ቢባል የሚቃወም አይገኝም። ግን የተፈናቃይ ወጣቶች ሌላ ሐሳብ አላቸው። ቲክቶክ ለእናንተ ጨዋታ ይመስላችኋል ይላሉ፤ የጠፋ ወንድሙን በቪዲዮ ያገኘ፣ የሰፈሩን ወሬ ከዚያ የሚሰማ አለ። ለአረማና ለአጨዳ የሚመጡት፣ ሳሉግ የሚባሉት የወቅት ሠራተኞች ደግሞ ዋጋው ላይ ናቸው፤ ቮይስ ብቻ ለሚልክ ሰው እንደ ቪዲዮ ተመልካች መክፈል ግፍ ነው ባዮች ናቸው።

ለሁለቱም መልስ የሚሆን መንገድ ቴክኒኩ ውስጥ አለ፤ ራውተሯ የይዘቱን ክብር መመዘን የለባትም። ክብደቱን ብቻ ብታይ ይበቃል። ቀላል የላከ በቶሎ ይለፍ፣ ከባድ የጎተተ ይጠብቅ፣ ሁሉም ቢያንስ ለድምፅ የሚበቃ ድርሻ ይኑረው። ይህ ሲሆን ባለ ሱቁ የማንንም መልእክት ማየት፣ የማንንም ጉዳይ ከማንም ማብለጥ አያስፈልገውም። የይዘት ምርጫ እጁ ከገባ ግን ዛሬ ቪዲዮ ያዘገየው ነገ ዜና ለማዘግየት አንድ ቁልፍ ብቻ ይቀረዋል።

የገጽ ባለቤትም ድርሻ አለበት። 4 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ቢጨመቅ ፊቱ ያው ይታያል፤ በተመሳሳዩ ልክ ግን ሃያ እጥፍ ሰው ያስተናግዳል። የጠፉ ሰዎች ስም በጽሑፍ ብቻ የሚከፈት ቀላል ገጽ ቢኖረው፣ በተጨናነቀ የገዳሪፍ ማማ ሥር ያለች እናትም ልታነበው ትችላለች። ከባዱ ገጽ በሰርቨሩም በኩል፣ በአንባቢውም በኩል ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለው።

ድንበሩ ራሱ መጋራትን ያውቃል። ከጎንደር በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርሰው የከፍተኛ ኃይል መስመር የኢትዮጵያን መብራት ወደ ሱዳን ለመውሰድ የተዘረጋ ነው፤ ኢትዮጵያ ወደ ባሕር ሥር ገመዶች የምትደርስባቸው መንገዶችም ጅቡቲና ኬንያ ብቻ አይደሉም፣ አንዱ በሱዳን በኩል የተዘረጋ ነው። በእንዲህ ያለ ትስስር ውስጥ የአንዱ መጨናነቅ የሌላው ነው፤ መስመርን ማስፋት የዓመታት ሥራ በመሆኑም በተገኘው ልክ ማካፈል ገና ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል።

ስለዚህ ሆስቲንግ የሚከራይ ማኅበር፣ ዕድር ወይም የስደተኞች ኮሚቴ «ስንት ጊጋባይት ነው?» ብሎ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። መልሱም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍለት፦ ልኩ ሲሞላ ገጻችን ይዘገያል፣ ወይስ ይዘጋል?